እንድሪስ ሰው መጣል አያውቅም

ተፈራ ስልክ ሲደውል ሰላምታ አያበዛም። ዕድሜው ወደ ሰማንያው ከተጠጋ ወዲህማ ጭራሽ ትቶታል፤ «አለህ?» ካለ በኋላ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ነው። ባለፈው ክረምት ግን ጤንነቴን ጠየቀኝ፣ የልጆቼን ጤንነት ጠየቀኝ፣ ቀጥሎም ደሴ እየዘነበ እንደሆነ ጠየቀኝ። መካነ ሰላም ተቀምጦ የደሴ ዝናብ ምን አገባው? ነገር እንዳለ ገባኝና በል ተናገር አልሁት።

«እንድሪስን ትናንት ቀበርነው» አለኝ።

የእንድሪስ ሚስት ሀዋ እንደምትጠብቀኝ ብቻ ነግሮኝ ዘጋው።

በነጋታው ለቅሶ ልደርስ ተነሣሁ። የዚያ መንገድ ነገር በክረምት እንዴት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴ አገጬን እየመታኝ ቀኑን ሙሉ ስለ አንድ ሰው ሳስብ ዋልሁ። ዕድሜዬን በስፖርት መምህርነት የጨረስሁ ሰው ነኝ፤ ብዙ ጎበዝ አይቻለሁ፣ ጥቂቱንም አሠልጥኛለሁ። እንደ እንድሪስ ያለ ጉልበት ግን አላየሁም። እንደ እንድሪስ ያለ የትግል አላዋቂም አላየሁም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ያኔ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ያየሁት በችጋሩ ዘመን ነው። በልጉ ቀርቶ፣ ክረምቱም ቀርቶ፣ ከየቆላው የተነሣው ሕዝብ ወደ መካነ ሰላም ይጎርፍ ነበር። ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ የሸራ መጠለያ ተተክሏል። እኔ ከማሠልጠኛ ተቋም ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ በሥዕል ከተደገፈ መጽሐፍ ትግል ተምሬ፣ ሰርተፊኬት ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ የምሄድበት ጊዜ ነበር። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ደረት መንፋቴ ዛሬ ያሳፍረኛል። ግን ጎረምሳ ነበርሁ፤ ምን ላድርግ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ከወግዲ በኩል ባለው መንገድ አንድ ቤተሰብ ሲመጣ አየሁ። ሚስቲቱ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ አንዲት ሕፃን አዝላለች። ባልየው ከኋላ ነው። በአንድ ትከሻው ላይ ወንድ ልጅ ተቀምጧል። በሌላው ትከሻው ላይ የወፍጮ ድንጋይ አለ። ከነመጁ።

ሰው ከቤቱ ሲሰደድ ድስት ይይዛል፣ ቁርበት ይይዛል። የሚፈጭ እህል አጥቶ የተሰደደ ሰው ወፍጮ ተሸክሞ ሲመጣ ግን ያኔ ነው ያየሁት፣ ከዚያም ወዲህ አላየሁም። ሰላም ብዬ ይህ ምን ያደርግላችኋል ብዬ ጠየቅሁ። ሰውየው ወደ ሚስቱ በአገጩ አመለከተ።

«ሀዋ አልተውም አለች» አለ። «ወፍጮ የሌለበት ቤት ቤት አይደለም አለች።»

ቁመቱ የሚያስደንቅ አልነበረም። ችጋሩ ጉንጩን አጉድጉዶታል፣ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። አንገቱ ግን ከጭንቅላቱ ይሰፋል፤ መዳፉም ለሌላ ሰው ተሠርቶ በስህተት ለእሱ የተሰጠ ይመስል ነበር። ድንጋዩን ሲያወርድ ልብ ብዬ አየሁት። በጉልበቱ ሸብረክ አለ፣ በሁለት እጁ ይዞ እንደ ተኛ ሕፃን ዝቅ አደረገው፤ አቧራ እንኳ አልተነሣም። ከዚያ ቸብ ቸብ አደረገውና «አብሽር» አለው። ድንጋዩን ነው አይዞህ የሚለው።

ይህ ልማዱ ነበር። ማንኛውንም ነገር ሊያነሣ ሲል ወይም ሲያስቀምጥ ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አድርጎ «አብሽር» ይላል። ጆንያን፣ በቅሎን፣ የተበላሸ የመኪና ጎማን፣ አንድ ጊዜም የወረዳውን አስተዳዳሪ ጠረጴዛ።

በዚያን ጊዜ የእርዳታ ስንዴ ከደሴ በጭነት መኪና ይመጣል። የሚያወርዱት ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ አለቃቸው ተፈራ ነው። የዛሬውን በከዘራ የሚሄደውን ተፈራ አታስቡ። የያኔው ተፈራ በእኛው በቦረና የጥምቀት ሜዳዎች ሁሉ ታግሎ ጀርባው መሬት ያልነካ፣ እግሩ እንደ ምላስ የፈጠነ ሰው ነበር። አውራጆቹ ደግሞ ከድሮ የመጣ ሥርዓት አላቸው። ከእኛ ጋር ልሥራ የሚል አዲስ ሰው ከአለቃው ጋር ይታገላል። የአለቃውን ጀርባ ካስነካ ይገባል። የራሱ ጀርባ ከነካ ይመለሳል። በየቅዳሜው ገበያ አንዴ አንዴ፣ ሦስት ጊዜ መሞከር ይችላል፤ በሦስተኛው ከተጣለ የመጋዘኑን ግቢ ዳግመኛ አይረግጥም።

በደጉ ጊዜ ይህ ጨዋታ ነበር፤ ተሸናፊውም ተጋብዞ ይሄዳል። በችጋሩ ጊዜ ግን የሞት የሽረት ነገር ሆነ። አውራጅ የሆነ ሰው ማታ ማታ ለቤተሰቡ ስንዴ ይሰፈርለታል። ያልሆነው መጠለያ ውስጥ ተራ ይጠብቃል፤ ያም ቢሆን ቅድሚያው መቆም ላቃተው ሰው ነው። ተፈራን ጨካኝ ነህ አልሁት አንድ ቀን። አልተቆጣኝም። የስምንት ሰው ድርሻ ለሃያ ቢከፋፈል ሃያውም እንደማይተርፉ፣ ከደጃፉ ከቆሙት መቶ ሰዎች መካከል በሌላ በምን መምረጥ እንደሚችል እንድነግረው ጠየቀኝ።

እንድሪስ በመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ። ኩታውን ለሀዋ ሰጣትና ክቡ ውስጥ ገባ። ዳኛው የመጋዘኑ ዘበኛ ጋሼ ይመር ናቸው፤ በዱላቸው መሬቱን ሲመቱ ተፈራ እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ ተወረወረ። እንድሪስ ቸብ ቸብ አደረገው። «አብሽር» አለው። ከዚያም በብብቱና በጭኑ ይዞ ከራሱ በላይ አነሣው።

ተፈራን የሚያህል ሰው፣ ያ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር እንግዳ፣ በሁለት እጁ ሰማይ ላይ ይዞታል። ክንዱ አይንቀጠቀጥም። ሁላችንም መሬት ላይ ሲፈጠፍጠው ለማየት ትንፋሻችንን ያዝን። እንድሪስ ግን ዙሪያውን ተመለከተ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የጠፋበት ይመስላል። ከዚያ በጉልበቱ ሸብረክ አለና ተፈራን ቀስ አድርጎ በእግሩ አቆመው። ሸሚዙንም አስተካከለለት።

ተፈራ አንድ አፍታ ደንግጦ ቆመ። ወዲያው እግሩን ጠለፈና በጀርባው ዘረረው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ያው ሆነ፤ እንዲያውም የባሰ። አነሣው፣ ያዘው፣ ሰዉ መሳቅ ጀመረ። ተፈራ ከላይ ሆኖ ብልጠቱ መጣለትና በትሕትና «እስቲ አውርደኝ ወንድሜ» አለው። እንድሪስም በእሺታ «መርሃባ» ብሎ አወረደው። ያወረደበትን መሬት ሳይለቅ ተዘረረ።

እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስሁ። ሕዝቡ ሲበተን ሄጄ ለምን እንዳልጣለው ጠየቅሁት። አቧራውን እያራገፈ ነበር፤ ጥያቄዬ አልገባውም።

«አንቱ መምህር፣ ጋን ካነሣሁ በቂጡ አኖረዋለሁ» አለኝ። «ጆንያ ካነሣሁ በጀርባው አስተኛዋለሁ። ሰው ካነሣሁ ደሞ በእግሩ አቆመዋለሁ። ሌላ ምን ላርገው?»

«ጣለዋ!»

«ያነሣሁትን?» አለ። እውነቱን ነው የሚጠይቀኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሰው እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፤ የጣለው ጆንያ ተቀድዶ አንድ እፍኝ ቢፈስ ከድርሻው ይቀነስበታል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ጥሎ አያውቅም። እጁ መጣልን አልተማረም።

ሀዋ አጠገቡ ቆማ ነበር። ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች፤ ማልቀስ ከተወች ሁለት ቀን ሆኗታል፤ በዚያን ዘመን ልጅ ማልቀስ ሲተው ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሀዋ በረጋ ድምፅ ነገረችኝ፤ በሦስተኛው ካልሆነ ወደ ደሴ በእግር ይነሣሉ። ትልቁ መንገዱን ይችለው ይሆናል። ስለ ሕፃኗ ምንም አላለችም።

እኔም ሰርተፊኬቴን አስታወስሁ። ከሰኞ ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ እየመጣ ላሠለጥነው ቃል ገባሁ። ያን ሳምንት ሳስበው እስከ ዛሬ ብቻዬን እስቃለሁ። ጠለፋ አሳየዋለሁ፤ እግሩን ያስገባል፣ የራሱን እግር ይጠልፋል፣ ይወድቃል። የወገብ አያያዝ አሳየዋለሁ፤ ይይዘኛል፣ «አብሽር» ይለኛል፣ ከዚያ እኔ ሰማይ ላይ ነኝ። በዚያ ሳምንት ከትምህርት ቤቱ አጥር በላይ መካነ ሰላምን ያላየሁበት ቀን የለም። ሁልጊዜም ቀስ ብሎ በእግሬ ያቆመኛል፣ ኮሌታዬንም ያቃናልኛል። የማመጣለትን በሶ ግማሹን ብቻ በልቶ ግማሹን በኩታው ጫፍ ይቋጥራል። ጉልበት ያስፈልግሃል ብዬ ብቆጣው «ገና ብዙ አለኝ» ይለኝ ነበር፤ እውነቱንም ነው።

ዓርብ ዕለት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትክክል ጠልፎ ጣለኝ። እኔ መሬት ላይ ተጋድሜ በደስታ ሳጨበጭብ እሱ ደንግጦ ተሰብሬ እንደሆነ እየዳሰሰ ያየኝ ነበር። ይህን ሰው ታጋይ አደረግሁት ብዬ በኩራት ተኛሁ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ የሚያክለው የለም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ሁለት መኪና ስንዴ ገብቶ ነበርና የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጥ ጆንያው እስከ ደረት ተደርድሮ ይታያል። ከገበያው ሌላ የመጠለያውም ሰው መጥቷል፤ ወሬው ተሰምቷላ። እንድሪስ ኩታውን ለሀዋ ሰጣት። ወደ እኔ ዞር ብሎም ራሱን ነቀነቀ፤ ትምህርቱን አልረሳሁም ማለቱ ነው።

ጋሼ ይመር መሬቱን መቱ። ገና በመጀመሪያው እርምጃ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ታየኝ። ያ ዓለትን እንደ ትራስ የሚያነሣ ሰው፣ ዓይኑን እግሩ ላይ ተክሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ» ይላል። እጆቹ ሥራቸውን ረስተው ተንጠልጥለዋል። ጉልበቱን ነጥቄ በቦታው መጽሐፍ ሰጥቼዋለሁ። ተፈራ አንዴ ገፋው፣ ተንገዳገደ። ሁለተኛ ገፋው። በሦስተኛው ወገቡን ይዞ በአንድ ጉልበቱ አንበረከከውና ከላይ ሆኖ ይጫነው ጀመር። የእንድሪስ ትከሻ ወደ መሬቱ ዘመም፣ ዘመም አለ። እኔ ማየት አቅቶኝ ፊቴን አዞርሁ፤ ስለዚህ ዓይኔ ያረፈው ሀዋ ላይ ነበር።

ሀዋ አልጮኸችም። ከአውድማ ዳር ሆና ባሏን እንደምትጠራ ሴት፣ ትንሽ ቸኮል ባለ፣ በተለመደ ድምፅ ተናገረች።

«አያ እንድሪስ፣ ዝናብ መጣ። እህሉን አስገባ።»

ሰው ሁሉ ቀና አለ። ያን ዓመት ዝናብ የሚል ቃል ሰምቶ ሰማይ የማያይ ሰው አልነበረም። እኔ አየሁ፣ ጋሼ ይመር አዩ፣ የመጠለያው ሰው አየ። ተፈራም ትግሉን ባይተውም በዓይኑ ጫፍ አየ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ አንዲት ደመና የለበትም።

እንድሪስ ብቻ አላየም። እግሩን መቁጠር ተወ። ፊቱ ተለወጠ፤ የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው ፊት ሆነ። ተፈራን ቸብ ቸብ አደረገው። «አብሽር» አለው። ከተንበረከከበት ተነሣ፤ ሲነሣም ተፈራን ይዞት ተነሣ፣ ትከሻው ላይ አጋደመው። የዚያን ጊዜ እንደ ተራ ጭነት ነው የያዘው። ተፈራ ይራገጣል፣ እግሩን ለመጥለፍ ይወናጨፋል፤ አየር ላይ የሚጠለፍ እግር ከየት ይምጣ? እንድሪስ ክቡን ሰንጥቆ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። በሩን ዝቅ ብሎ አለፈና ከጆንያው ድርድር ላይ ባዶ ቦታ መረጠ። ተፈራን ከትከሻው አውርዶ በጀርባው፣ ራሱን ወደ ግድግዳው፣ እግሩን ወደ በሩ አድርጎ አስተኛው። እንዳይንከባለልም ከጎኑ ያለውን ጆንያ ጠጋ አደረገለት። ቸብ ቸብ።

ከዚያ ተመልሶ ወጣ። ለካ የቀረውን ሊያስገባ ነው። በሩ አጠገብ የቆመውን አንዱን አውራጅ አንሥቶ ትከሻው ላይ ካጋደመው በኋላ ነው ሀዋ እየሳቀች «በቃ፣ ገብቷል» ያለችው። አውራጁን በእግሩ አቆመው፤ ኮሌታውንም አቃናለት።

የዚያን ቀን የሳቀው ሕዝብ ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከወራት በኋላ መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ይመስለኛል። የመጠለያው ሰው፣ ቆሞ መሄድ ያቃተው እንኳ፣ ሸራው ላይ ተደግፎ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ እንባዬም ይወርዳል።

ከአውራጆቹ አንዱ ግን አልተስማማም። ሥርዓቱ መሬት ነው የሚለው፣ ይህ ጆንያ ነው፤ ደግሞም ሴትዮዋ አለቃችንን አዘናግታለች አለ። ጋሼ ይመር ዱላቸውን ተደግፈው አሰቡ። ተፈራ አሁንም ጆንያው ላይ እንደተንጋለለ ነበር። ሁሉም እሱን አየ። ቀና ብሎ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠና ጀርባውን በእጁ ዳበሰ።

«ጀርባዬን የማውቀው እኔ ነኝ» አለ። «ነክቷል። ስፈሩለት።»

የዚያን ዕለት ማታ የሀዋ ወፍጮ ሸራው ሥር ተተክሎ ፈጨ። ድምፁን የሰማ ሰው ሁሉ ቤት ያለ መስሎት ዞር ብሎ አየ። በማግስቱ ሕፃኗ ሙቅ ጠጣች፤ በሦስተኛው ቀን አለቀሰች። ሀዋ ልቅሶዋን ልታሰማኝ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ይዛት መጣች። እንዲህ ያለ ሸጋ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ቀጥሎ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ላራሹ ታወጀ፣ ዘማች ተማሪዎች ከተማውን ሞሉት። ከተሰደደው ብዙው ወደ ቀዬው ተመለሰ። እንድሪስ መካነ ሰላም ቀረ። ሀዋ ወፍጮዋን ሁለተኛ ማንቀሳቀስ አልፈለገችም ይባላል፤ እኔ እንደማምነው ግን ተፈራን መለየት አቅቶት ነው። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሁለቱ አንድ መኪና ላይ ከአንድ ጎን ሲያወርዱ ኖሩ። ተፈራ ለጠየቀው ሁሉ «እኔን የጣለኝ እሱ አይደለም፣ ሀዋ ናት» ይል ነበር። እንድሪስም «እውነት ነው» ይላል።

አንድ ጊዜ ለአብዮቱ በዓል የቦክስ ግጥሚያ ይታይ ተባለና ካድሬው እንድሪስን መረጠው። ከአንድ የሠለጠነ ወታደር ጋር ነው የተመደበው። እኔ በአሠልጣኝነት ስጠየቅ እጄን ሰበሰብሁ፤ ከዚህ ሰው ትምህርት ወስጃለሁ፣ ሁለተኛ አላበላሸውም አልሁ። ጓንቱን ሲያደርጉለት አገላብጦ አየና «ይህን አርጌ በምን ልይዝ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ፊሽካው ሲነፋ ወታደሩ አምስት ስድስት ጊዜ መታው። እንድሪስ ጓንቱን በጥርሱ ፈታ፣ አስቀመጠ፣ ወታደሩን ቸብ ቸብ አድርጎ አነሣውና ከገመዱ ውጭ፣ ከእንግዶቹ ወንበር ፊት በእግሩ አቆመው። አሸናፊው ማን እንደሆነ ሲከራከሩ እሱ ወደ ሥራው ሄደ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የማኅበሩን ምርጫ ነው። አውራጆቹ በማኅበር ይደራጁ ሲባል ሊቀመንበር ይመረጥ ተባለ። ሁሉም ተፈራን ነበር የሚያስበው። ተፈራ ተነሥቶ እንድሪስን ጠቆመ። ሰውየው ፊርማውን በጣቱ የሚያትም፣ ስብሰባ ላይ ቃል ወጥቶት የማያውቅ ነው። እጅ ወጣ፤ ተመረጠ። ካድሬው ንግግር አድርግ አለው። እንድሪስ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ፣ ቸብ ቸብ አደረገው።

«ትግሉ ይቅር» አለ። «ኸእንግዲህ የራበው ሰው ከመጣ ጆንያ ያንሣ። አንሥቶ ሳያፈስ ካስቀመጠ ገባ።»

ካድሬው ሌላ የሚጨምረው እንዳለ ጠየቀው። የለም አለ። ያ ሥርዓት እስከ ዛሬ አለ። በኋላ በመጣው ሁለተኛው ችጋር ስንት ሰው በዚያ ሥርዓት እንደገባና ልጆቹን እንዳተረፈ ቆጥሬ አላውቅም፤ በመካነ ሰላም ገበያ ግን እንድሪስን አባቴ የሚል ሰው ብዙ ነው።

ሚኒባሱ አመሻሽ ላይ አደረሰኝ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለ። ያች ማልቀስ ትታ የነበረች ሕፃን አሁን ነጭ ፀጉር ጣል ጣል ያደረገባት አዋላጅ ናት፤ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ። ወፍጮው ከበሩ አጠገብ በቦታው አለ። ሀዋ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ተፈራ ከጎኗ ነው። እጅ ነሥቼ ተቀመጥሁ። ከዘራው የት እንደሄደ ጠየቅሁት። ተፈራ መሬት መሬት አየ።

«እኔ ልንገርዎት» አለች ሀዋ።

እንድሪስን አጥበውና ከፍነው ቃሬዛው ላይ ካጋደሙት በኋላ ሊያወጡት ሲሉ ዝናቡ መጣ። እንደዚያ ቀን በቃል ብቻ ሳይሆን የእውነት ዝናብ፣ ደጁን የሚያስለቅቅ። ጎልማሶቹ ትንሽ እስኪያባራ እንቆይ ብለው ቆሙ። ሀዋ ከበሩ ውስጥ ሆና ያንኑ ተናገረች፤ ዝናብ መጣ፣ አስገቡት እንጂ አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ከዘራ አንድ እርምጃ ያልሄደው ተፈራ ከዘራውን ጭቃ ውስጥ ወረወረና ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አስገባ። ሊቀይሩት ቢለምኑት እንቢ አለ። እስከ መቃብሩ ድረስ ትከሻ አልቀየረም። ከመነሣቱ በፊት ግን ቃሬዛውን ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ ሲያደርግ፣ ከንፈሩም ሲንቀሳቀስ ሀዋ አይታለች።

ወደ ተፈራ ዞርሁ። በእንባና በኩራት መካከል ያለ ፊት ነበረው። መቃብሩ ውስጥ እንዴት አወረዳችሁት ብዬ ጠየቅሁት።

«እሱ እኔን እንዳወረደኝ» አለ።